ስንጥቁን የደፈንኩበት ሰም

የቀለጠ ሻማ ከቀይ የወለል ሰም ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠውን ሽታ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን አልረሳውም። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ወለሌን በቀይ ሰም ወልውዬ፣ ሳሪስ አቦ ገበያ ደርሼ ስመለስ፣ ገና በሩን ሳልከፍት ያ ሽታ ተቀበለኝ። ዘምቢሌን ደጃፍ ላይ ጥዬ ብገባ፣ የመጨረሻዋ ልጄ ቤዛ የሰርዲን ቆርቆሮ ቡታጋዝ ላይ ጥዳ ሻማ ታቀልጣለች። አጠገቧ የስፌት መኪናዬ የፕላስቲክ የክር ማጠንጠኛ፣ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ፣ የክብሪት እንጨትና የሽንኩርት ቢላዬ ተደርድረዋል።

"አንቺ ልጅ! ምን እያደረግሽ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"አትደንግጪ እማ፣ የሳይንስ ፕሮጀክት ነው። ቲቸር ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ የሚንቀሳቀስ ነገር ሥሩ ብሎናል። ሰኞ እኮ ኤግዚቢሽን ነው።"

አልሰማኋትም። እሳቱን አጠፋሁ። ሻማውን፣ ክብሪቱን፣ ቢላውን አፋፍሼ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩና ቁልፉን መቀነቴ ላይ ቋጠርኩት።

"የሌሎቹ እናቶች ያግዟቸዋል" አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "አንቺ ግን ሁሉንም ነገር ትፈሪያለሽ። በር ሲንኳኳ እንኳን ትፈሪያለሽ!"

እውነቷን ነው። በር ሲንኳኳ እፈራለሁ። ቡታጋዝ እፈራለሁ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት እፈራለሁ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መንገድ ላይ "አንዴ እመቤት" ካለኝ ሰዓት መጠየቁ ቢሆን እንኳን አፌ ይደርቃል። ልጆቼ እንዲህ ሆኜ የተፈጠርኩ ይመስላቸዋል። እንዲህ ሆኜ አልተፈጠርኩም። የት እንደጀመረኝ አውቀዋለሁ፤ አቃቂ፣ ፋብሪካው በር ላይ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው።

ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ አቃቂ ራሱን የቻለ አገር ነበር። ሰው "አዲስ አበባ ልሄድ ነው" ሲል ልብሱን ቀይሮ፣ ፀጉሩን ተቀብቶ ነበር የሚነሳው። በሰፈራችን የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ከሦስት አይበልጥም፤ የሁላችንም ሰዓት የፋብሪካው ጡሩምባ ነበር። አንዴ ሲጮህ እናቶች ይነሳሉ፣ ሁለተኛ ሲጮህ እኛ ወደ ትምህርት ቤት እንሮጣለን፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሲጮህ ደግሞ መንገዱ በሰው ይሞላል። የክር ክፍል ሴቶች ሰማያዊ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ ፀጉራቸውና ቅንድባቸው በጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ ይወጣሉ፤ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሰው በአንድ ፈረቃ የሚያረጅ ይመስለኝ ነበር። ማሽኑ ጆሯቸውን ስላደነቆረው ምሥጢር ሲያወሩ እንኳ ይጮሃሉ። የማን ባል የት እንዳደረ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው በዚህ ነበር። እየዘፈኑ ነበር የሚሄዱት፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ባቡሩ ሲያልፍ ድምፃቸውን ይውጠውና ሲርቅ ከዚያው ካቋረጡበት ይቀጥላሉ። ልብሳችንም ከዚያው ነበር። አባቶቻችን በዓመት በዓል ከፋብሪካው በቅናሽ የሚያወጡት አቡጀዲና አበባ ያለበት ጨርቅ ነበር፤ ከአንድ ጣቃ ስለሚቀደድ የሰፈሩ ልጆች ከሩቅ ስንታይ የአንድ እናት ልጆች እንመስል ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ መጋዘን ከመጋዘን ተጣብቆ፣ የከባድ መኪና ጎማ እየተሽከረከረ፣ ጡሩምባውን ብሰማው እንኳ ከየትኛው ግቢ እንደሚመጣ አላውቅም።

ከትምህርት ቤታችን በታች የጋሽ ሱልጣን ሱቅ ነበር። ጋሽ ሱልጣን ከስልጤ የመጣ፣ ሚዛኑን የማያጎድል፣ ልጆችን ግን መቀለጃ የሚያደርግ ሰው ነው። አምስት ሳንቲም ይዞ የሄደ ልጅ ከረሜላም ለውዝም ይዞ ይመለሳል። ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ላምባ በጠርሙስ፣ ሻማ ደግሞ ለሚፈልግ ሰው ግማሹ ተቆርጦ ይሸጣል። እኔ ያንን ግማሽ ሻማ ልገዛ ስሄድ፣ "ይቺ ልጅ ስለት አለባት መሰለኝ፣ በየቀኑ ሻማ!" ብሎ ሳቀብኝ። "ሳይንስ ነው" አልኩት ኮራ ብዬ። "ሳይንስ ከሆነ እንግዲህ ቁራጭዋን ምራቂ ውሰጂ" አለኝ።

ሳይንሱን ያመጣብን አስተማሪያችን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት የመጣ፣ ኮሌታው የተበላ ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ ቀጭን ወጣት። ክፍሉ ውስጥ ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ ሌላ ምንም አልነበረም። "ሳይንስ በሳጥን ታሽጎ ከውጭ አይመጣም" ይለን ነበር፤ "እናታችሁ ጓዳ ውስጥ አለ፣ ፈልጉት።" እኛም እናቶቻችንን ስናስመርር ከረምን። በሁለት ጣሳና በሲባጎ ስልክ ሠራን፣ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ተሰዳደብንበት። በጠርሙስና በቀርከሃ ዝናብ ለካን። የመጨረሻው የቤት ሥራ ግን በራሱ የሚሄድ ነገር ሠርቶ መምጣት ነበር፤ እሱም በሰሌዳው ላይ ሣለልን። የክር ማጠንጠኛ እንጨት፣ ያ ሁለት ጫፉ ሰፋ ብሎ መሐሉ ቀዳዳ ያለው፣ ይገኛል። በቀዳዳው ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ ይሾልካል። ባንድ ወገን በስባሪ የክብሪት እንጨት ይያዛል፣ በሌላው ወገን በቀጭኑ በተቆረጠ የሻማ ክብ ውስጥ አልፎ ረዘም ካለ የመጥረጊያ እንጨት ጋር ይታሰራል። እንጨቱን ስታጠነጥኑት ላስቲኩ ይጠማዘዛል። መሬት ስታስቀምጡት ላስቲኩ መፈታት ይፈልጋል፣ እንጨቱ መሬት ስለሚነካ መዞር አይችልም፣ ስለዚህ ማጠንጠኛው ይዞራል፤ ሻማው ደግሞ እያንሸራተተ ቀስ ያደርገዋል። "ኤሊ ነው የሚሆነው" አለን። ኤሊ አልነው።

ማጠንጠኛ እንደምፈልግ ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ የማሽን ዘይት አጠጪ ነበር። ልብሱ፣ ጥፍሩ፣ የሚበላበት ሳህን ሳይቀር ዘይት ዘይት ይላል። ፈረንጁ መሐንዲስ እጁን አይቶ ወድዶት፣ ከክረምት በኋላ መካኒክነት ሊያስተምሩት ቃል ተገብቶለት ነበር፤ እማዬ ይህንን ነገር ለጎረቤት አሥር ጊዜ ተናግራዋለች። እኔ አምስተኛ ክፍል የምገባውም በዚያው ተስፋ ነበር፤ ደብተሩና ዩኒፎርሙ ከአዲሱ ደሞዝ ይገዛል ተብሏል።

እዚህ ላይ የፋብሪካውን ሕግ መናገር አለብኝ። ማጠንጠኛዎቹ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ የፋብሪካው ዕቃ ነበሩ፤ የተሰነጠቁት ክር ስለሚበጥሱ ተጥለው ለማገዶ ይከመራሉ። በበሩ ሲወጣ ማንም ይፈተሻል። የተሰነጠቀ ከሆነ ዘበኞቹ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ደህና ከሆነ ግን ሌብነት ነው፤ ሌብነት ደግሞ ጭቅጭቅ የለውም። አባዬ ከማገዶው ክምር አንዷን ስንጥቅ አንስቶ፣ ለዘበኛው አሳይቶ፣ በምሳ ዕቃው ይዞልኝ መጣ። ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀች ነበረች። ላስቲኩን አስገብቼ ስሞክራት ስንጥቁ መሬት በነካ ቁጥር ታነክሳለች፤ ሦስት እርምጃ ሄዳ ትወድቃለች።

ያን ጊዜ ነው የዕድሜዬን ጥፋት የሠራሁት። ጥፋት መሆኑን ግን አላወቅሁም፣ ብልኃት ነበር የመሰለኝ። ሻማውን በጣሳ አቀለጥኩ። ብቻውን ሲሆን እየተፈረፈረ ሲወድቅብኝ ከምድጃው አመድ ነፍቼ ቀላቀልኩበት። ስንጥቁ ውስጥ አፈሰስኩት፣ ሲደርቅ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኩት። እማዬ የባቡር ጣቢያው ሹም ቤት ወለል ትወለውል ነበርና፣ ጣሳው ሥር የተረፈ ቀይ ሰም ነበራት፤ ጫፎቿን በዚያ ቀባኋቸው። በአሮጌ ካልሲ ሳሻት እንደ መስታወት አበራች። ከመደርደሪያ የወረደች አዲስ ማጠንጠኛ ትመስል ነበር። ማነከሱም ቀረ፤ የቤታችንን ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብላ ሄደች።

አባዬ አላያትም። ላስደስተው አስቤ፣ በማግስቱ የስምንት ሰዓቱ ጡሩምባ ሳይጮህ ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሴቶቹ ሲወጡ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬ ለቀቅኋት።

"ኧረ እዩልኝ! በራሷ እኮ ነው የምትሄደው!"

"ይቺማ ከእኛ አለቃ ትፈጥናለች!"

"የኔ እናት፣ የማን ልጅ ነሽ? እጅሽ ይባረክ!"

ከበቡኝ፣ ሳቁ፣ አንዷ ከፀጉሯ ጥጥ አንስታ እንደ ላባ ሰካችባት። ኤሊዬ በጫማዎቻቸው መሐል እየዳኸች ሄዳ ሄዳ አንድ ጥቁር ቦት ጫማ ጋ ደርሳ ቆመች። የዘበኞቹ አለቃ ጫማ ነበር፤ ሃምሳ አለቃ ነበር የሚባለው። ጎንበስ ብሎ አነሳት። አገላበጣት። ቀዩን ጫፍ አየ።

"ይህን ማን ሰጠሽ?"

"አባቴ ነው ያመጣልኝ!" አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "በቀለ! ዘይት አጠጪው!"

ሴቶቹ ዝም አሉ። እነዚያ ዝም ማለት የማያውቁ ሴቶች ዝም ሲሉ አንድ ነገር እንደሆነ ገባኝ። አባዬ ምሳ ዕቃውን እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ።

"በቀለ፣ ይህ የማን ዕቃ ነው?"

"ስንጥቅ ነው ጌታዬ። ከማገዶው ነው ያነሳሁት። አሳይቼ ነው የወጣሁት።"

"የታል ስንጥቁ? አሳየኛ!" ብሎ እጁ ላይ አስቀመጠለት። ትናንት ስንጥቁን ያየው ዘበኛ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

አባዬ አገላበጣት። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ የሸራ ጫማዬን አየሁ። አውራ ጣቴ ጫማውን በስታ ወጥታ ነበር፤ እስካሁን ያቺ ጣት ትታየኛለች። "ሻማ ነው፣ እኔ ነኝ የደፈንኩት" ማለት ነበረብኝ። አራት ወይም አምስት ቃል ነው። አልወጣልኝም። ኤሊዬን ነጠቁት፣ አባዬን ወደ ውስጥ አስገቡት።

ነገሩ እስኪወሰን ሦስት ቀን ከሥራ ታገደ። ቤታችን የፋብሪካው ቤት ነበር፤ ከተባረረ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። እማዬ "ልጅቱን ይዘሃት ሂድና ስንጥቅ እንደነበረች እሷው ትናገር፣ ሕፃን አይዋሽም" ስትለው ሰማሁ። አባዬ "አይሆንም" አለ። እማዬ ደጋገመች። "አይሆንም አልኩሽ!" ብሎ ሳህኑን ገፋው፤ አባዬ ሳህን ገፍቶ አያውቅም ነበር። ተቀይሞኝ ነው፣ ፊቴን ማየት ስላልፈለገ ነው ብዬ አመንኩ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር አሰብኩ። አስተማሪያችን ሻማ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን አሳይቶናል። ኤሊዬን ሙቅ ውኃ ውስጥ ቢነክሯት ሰሙ ቀልጦ ይወርዳል፣ ስንጥቁ በሁሉም ፊት ይታያል። እንዲያውም ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። እማዬ ሥራ ስትሄድ ውኃ አፈላሁ፣ በጣሳ አድርጌ በጨርቅ ጠቅልዬ ሮጥኩ። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባሕር ዛፍ ነበረ። እዚያ ሥር ቆምኩ። ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ነበር፤ አንዱን ሲቆጣ፣ ሌላውን ሲፈትሽ። ይህ ሲያልፍ እሄዳለሁ አልኩ። ያ መኪና ሲገባ እሄዳለሁ አልኩ። ጣሳው እጄን ሲያቃጥለኝ ነበር፣ ከዚያ ሞቅ አለ፣ ከዚያ ለዘብ አለ። ጡሩምባው ሲጮህ ጣቴን ከተትኩት። ቀዝቅዟል። ዛፉ ሥር ደፋሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

አባዬን አላባረሩትም፤ መሐንዲሱ ለመነለት ተባለ። ከማሽኑ ግን አነሱት። ከባቡር ፉርጎ የጥጥ እስር የሚያወርዱት ዘንድ ላኩት፤ መካኒክነቱም ቀረ፣ ደሞዙም ወረደ። እኔም አምስተኛ ክፍል አልገባሁም። ከሰል አከፋፈልኩ፣ ሰው ቤት ልጅ ያዝኩ፣ ዕድሜዬ ሲደርስ እዚያው ፋብሪካ ክር ቀጣይ ሆኜ ገባሁ። በዚያ በር ስንት ሺህ ጊዜ ወጥቼ ገብቻለሁ። አንድም ቀን ሳልፈራ አልፌ አላውቅም፤ ኪሴ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ እንኳን ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

ዘመኑ ተለወጠ፣ ጃንሆይ ሄዱ፣ የበሩ ሰዎች ዩኒፎርም ተለወጠ። አባዬ በወገብ ሕመም አልጋ ላይ ዋለ። እኔ ትዳር ይዤ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ነበር። አንድ ቀን፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብርድ ልብሱ ላይ ስትወድቅ፣ አጠገቡ ተቀምጬ አተር እፈለፍላለሁ። ድንገት ከአፌ ወጣ።

"አባዬ፣ የዚያችን ኤሊ ስንጥቅ የደፈንኩት እኔ ነበርኩ።"

"አውቃለሁ" አለ።

አተሩ ከእጄ ወደቀ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"እዚያው በሩ ላይ። እጄ ላይ ሲያስቀምጣት አውራ ጣቴ አገኘው። ዘይት ሲያጠጣ የኖረ ጣት እንጨትና ሰም አይለይም እንዴ?"

"ታዲያ ለምን በጥፍርህ አልፋቅከውም?"

"ብፍቀው 'ማን ደፈነው?' ይላሉ። ያንቺ ስም ይመጣል። በዚያው ሰሞን የአንዱን ሠራተኛ ልጅ ጥጥ ለቀመ ብለው የዘበኛ ክፍሉ ውስጥ ሲገርፉት ድምፁን ሰምቼ ነበር። አንቺ እዚያ ክፍል ውስጥ እንድትቆሚ አልፈለግሁም።" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "እኔም እኮ ፈርቼ ነበር ጥሩዬ። ሁለታችንም ፈራን። አንቺ ብቻሽን የፈራሽ መስሎሽ ነው የከረምሽው።"

እያለቀስኩ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ ተመለሰና ዓይኑ እንደ ድሮው በራ። "ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስንት ዓመት ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ነው። ሻማ ብቻውን ተፈርፍሮ ይወድቃል። ያንቺ ግን እንደ እንጨት ጠንክሮ ነበር። ምን ጨመርሽበት?"

"አመድ።"

"አመድ!" አለና ወገቡን ረስቶ ሊቀመጥ ሞከረ። "ስንት በስንት?"

"ሁለት ማንኪያ ሻማ፣ አንድ ማንኪያ የተነፋ አመድ።"

"አመድ..." እያለ ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን አየ። "እኔ መካኒክ መሆኔ ቀረ ብዬ አዝን ነበር። ለካ መካኒክ ሳትሆኚ የቀረሽው አንቺ ነሽ።"

ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ ሳስብ ቤዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣ በኩርፊያ ማጠንጠኛዋን በላስቲኩና በእርሳስ እያጠነጠነች ትለቃታለች። የገበያው ሽንኩርት ደጃፍ ላይ እንደወደቀ ነው። አየኋት። በሰም በተወለወለው ወለል ላይ ማጠንጠኛዋ እዚያው ባለችበት ትሽከረከራለች እንጂ አትሄድም።

"ጫፏን በቢላ ጥርስ ጥርስ ካላወጣሽላት መሬቱን አትይዝም" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ ይህን ከየት አወቅሽው?"

ቁልፉን ከመቀነቴ ፈታሁ። ሻማውን አወጣሁ፣ ክብሪቱን አወጣሁ። ቢላውንም ሰጠኋት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጣቷን ከስለቱ እንዴት እንደምታርቅ አሳየኋት። ጥርሱን ስታወጣ አንደኛው ጫፍ ላይ የተሰነጠቀ ቦታ አየሁ።

"ይቺ ስንጥቅ ናት እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ደህናዋን ብወስድ ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው" አለች፣ እንደ መፍራት ብላ።

ሄጄ ከከሰል ምድጃዬ አመድ ነፋሁ። ሁለት ማንኪያ በአንድ። አብረን ደፈንናት፣ አብረን ፋቅናት። ወለሉ ላይ ስትለቃት ቀጥ ብላ ሄዳ ቁምሳጥኑን ነካች። ቤዛ ጮሃ አቀፈችኝ። ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች፤ ማኅተም ያለበት የትምህርት ቤት ወረቀት። አራተኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ብሆንም የታተመ ፊደል አነባለሁ፤ በአንድ በኩል "የዕቃው ዓይነት"፣ በሌላው በኩል "ዕቃው ከየት ተገኘ" ይላል።

"እማ፣ ማጠንጠኛው ከየት ተገኘ ልበል? ስምሽን ልጻፈው?"

ወረቀቱን አየሁት። የውኃው ጣሳ እጄ ላይ ያለ ያህል ሙቀቱ ተሰማኝ።

"ጻፊው" አልኳት። "ከእናቴ ከጥሩነሽ በቀለ በይ። ስንጥቅ እንደነበረችም ጻፊ። በምን እንደደፈንናትም ጻፊ።"